ቀርከሃዬ ለምን ሸንኮራ አገዳ መሰለ? በ56 ዓመት የቻይና ብሩሽ ለጀመሩ አስተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «56 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ጡረታ ልወጣ 4 ዓመት ቀርቶኛል። ልጄ ቻይና፣ ሃንግዡ ከተማ ተምሮ ሲመለስ ብሩሽ፣ ቀለምና የቀለም መፍጫ ድንጋይ ያለበት የሐር ሣጥን ይዞልኝ መጣ። 5 ወር ሙሉ ከቪዲዮ እያየሁ ቀርከሃ ስሥል ከረምኩ። የሚወጣልኝ ግን ሸንኮራ አገዳ ነው። ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ይንጣለልብኛል። የእጅ ጽሑፌ ከድሮም አያምርም፤ ቻይንኛም አላውቅም። ጊዜው አልፎብኛል? ካላለፈብኝስ ከሥዕሉ ልቀጥል ወይስ ጽሕፈቱን ልጀምር?»

እሺ እህቴ፣ ጊዜው አላለፈብዎትም። ይህን የምልዎት ለማጽናናት ብዬ አይደለም። እኔም ብሩሽ የያዝኩት በ37 ዓመቴ እዚያው ሃንግዡ ነው፤ አሁን የማስተምረውም አዋቂዎችን ነው። ሸንኮራ የሚመስል ቀርከሃ ብዙ አይቻለሁ፤ የራሴም እንደዚያው ነበር። መንስኤው ይታወቃል፣ መፍትሔውም አለው። በቅድሚያ ግን የዕድሜውን ጉዳይ እንጨርስ፤ እሱ ልብዎ ውስጥ ካለ እጅዎ አይፍታታም። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ልጅዎን ይጠይቁት፤ ሃንግዡ ሐይቁ ዳር በማለዳ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ጡረተኞች መሬት ላይ ይጽፋሉ። የመጥረጊያ እንጨት የሚያህል ዘንግ ይይዛሉ፤ ጫፉ ላይ ስፖንጅ አለ። አጠገባቸው ውሃ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል። ስፖንጁን እየነከሩ የድንጋዩ ንጣፍ ላይ ትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ብዙ ጧት አሳልፌያለሁ። ካነጋገርኳቸው ብዙዎቹ ብሩሽ የያዙት ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ነው። ቻይና ውስጥ «የአረጋውያን ዩኒቨርሲቲ» የሚባል ትምህርት ቤትም አለ። የመጀመሪያው በ1983 በሻንዶንግ ግዛት ተከፈተ፤ ዛሬ በየከተማው ይገኛል። የብሩሽ ጽሕፈትና ሥዕል እዚያ ሰው ከሚሻማባቸው ትምህርቶች ውስጥ ናቸው። እርስዎ እዚያ ቢመዘገቡ ከክፍሉ ልጆች አንዷ ይሆኑ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም የሚነካኝ ነገር ነው። ያን ዠንቺንግ የሚባል የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሹም ነበር። ከ709 እስከ 785 የኖረ ሰው ነው፤ በብሩሽ ጽሕፈት ከቻይና ታላላቆች አንዱ ነው። በ752፣ በ43 ዓመቱ፣ የዱዎባኦ ፓጎዳ የሚባለውን የድንጋይ ጽሑፍ ጻፈ። በ779 ደግሞ፣ በ70 ዓመቱ፣ ለቅድመ አያቱ ለያን ቺንሊ መታሰቢያ ጻፈ። ሁለቱም ድንጋዮች ዛሬ ሺያን ከተማ፣ «የሐውልቶች ጫካ» በሚባለው ሙዚየም ቆመዋል። ፎቷቸውን ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ። የ43 ዓመቱ ጽሑፍ ጥንቁቅ ነው፤ ፊደሎቹ ሰብሰብ፣ ጠበብ ብለው ተደርድረዋል። የ70 ዓመቱ ሰፊ ነው፣ አየር ይገባዋል፣ ክንዱ አይቸኩልም። ብዙ አስተማሪዎች የሚያስበልጡት ሁለተኛውን ነው፤ እኔም እንደዚያው። ቻይናዎች ሰውና ጽሕፈቱ አብረው ይሸመግላሉ ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው።

አዋቂ ሰው ግን አንድ እውነተኛ ችግር አለበት፤ እሱን ካሁኑ ይወቁት። ዐይናችን ከእጃችን ይቀድማል። ልጅ የጻፈውን አይቶ ደስ ይለዋል፤ ምን እንደጎደለው አያይም። እርስዎ ግን ያያሉ። በየወሩ ዐይንዎ አንድ ሜትር ሲሄድ እጅዎ አንድ ስንዝር ነው የሚሄደው። ስለዚህ እያሻሻሉ ሳለ የባሰብዎት ይመስልዎታል። ተማሪዎቼ ጥለው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወር። እርስዎም የጻፉልኝ በአምስተኛው ወር ነው። «ሸንኮራ ነው የሚመስለው» ማለትዎ በራሱ ዐይንዎ እየሠራ መሆኑን ይነግረኛል። አምስት ወር በፊት ቢሆን ቀርከሃ ነው ብለው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ሥዕል ወይስ ጽሕፈት? ጽሕፈት። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ይተዉ አልልም፤ ለጊዜው ግን ዋናው ሥራዎ ጽሕፈት ይሁን። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የቻይና ሊቃውንት ቀርከሃን ሣልኩ ብቻ አይሉም፤ ብዙ ጊዜ «ጻፍኩ» ነው የሚሉት። ፈጠን ያለው፣ ነጻው የሥዕል ስልት ስሙ ራሱ «ሺየዪ» ነው፤ «ሐሳብን መጻፍ» ማለት ነው። በ1322 ያረፈው ሠዓሊና የብሩሽ ጸሐፊ ዣኦ ሜንግፉ የድንጋይና የዛፍ ሥዕል ላይ ግጥም ጽፏል። ድንጋዩን የሠራው በአንዱ የአጻጻፍ ስልት ነው፤ ዛፉን በሌላው። ቀርከሃ ለመሥራት ደግሞ የፊደል መሠረታዊ ጭረቶችን ማወቅ ያስፈልጋል ይላል። ይህ የቅኔ ማጋነን አይደለም፤ በጥሬው እውነት ነው። የቀርከሃ ግንድ አንድ አንጓ ማለት አንድ የፊደል ጭረት ነው። ሦስት ቅጠል ሲሰባሰብ «ገ» የሚባለውን የቻይና ፊደል ቅርጽ ይይዛል፤ አራት ሲሆን «ጂየ» የሚባለውን። አስተማሪዎች ቅጠል ሲያስተምሩ በእነዚህ ፊደሎች ስም ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ከቀርከሃ የጀመረ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ወደ ንባብ እንደገባ ሰው ነው። ሀ ሁ ሳይሉ ዳዊት አይደገምም።

እኛ አገር ላደገ ሰው ብሩሽ የሚያስቸግርበት አንድ ምክንያት አለ። የብራና ጸሐፊዎቻችን የሚጽፉት በመቃ ብዕር ነው። መቃ ተቀርጾ ሲያልቅ የራሱ ወርድ አለው፤ ጫፉ የተጠረበውን ያህል ይጽፋል። እስክሪብቶም እንደዚሁ ነው። ብሩሽ ግን የራሱ ወርድ የለውም። ቀለል ሲያደርጉት ክር ነው፤ ሲጫኑት ጣት ያህላል። ወርዱን የሚሰጠው የእጅዎ ክብደት ነው። ስለዚህ ለእስክሪብቶ የሠለጠነ እጅ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስበው፦ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች። ብሩሽ ሦስተኛ ይጨምራል፦ ወደ ወረቀቱ መጫንና ከወረቀቱ መነሣት። የእጅ ጽሑፌ አያምርም ያሉትን አያስቡበት። ያ የእስክሪብቶ ታሪክ ነው፤ እዚህ ብዙም አይከተልዎትም።

ወደ ዕቃዎ ልምጣ። የሐር ሣጥኑ ስጦታ ነውና በክብር ያስቀምጡት። ነገር ግን እነዚያ ሣጥኖች በአብዛኛው ለማስታወሻ የተሠሩ ናቸው። ብሩሹ ጠጉሩ ይበታተናል፣ ጫፍ አይሰበስብም። ድንጋዩም ቀለም አይፈጭም፤ ያንሸራትታል። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መካከለኛ ብሩሽ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም፣ የመለማመጃ ወረቀት፣ አንድ ነጭ ሳህንና የጥጥ ጨርቅ ነው። ከወረቀቱ ሥር የሱፍ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፈው ቢያነጥፉ ያው ነው።

ብሩሹ «ጂያንሃኦ» የሚባለው ይሁን፤ ድብልቅ ጠጉር ማለት ነው። የፍየል ጠጉር ለስላሳ ነው፤ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ለጀማሪ ግን ይልፈሰፈሳል። «የተኩላ ጠጉር» የሚባለው ደግሞ ጠንከር ያለና ወዲያው የሚቀና ነው። ስሙ ተኩላ ይበል እንጂ የሚገኘው ከአንዲት ትንሽ አውሬ ጅራት ነው። ድብልቁ ከሁለቱም ይወስዳል። አዲስ ብሩሽ ጠጉሩ በሙጫ ደርቆ ነው የሚመጣው። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው እስከ ሥሩ ይፍቱት፤ ፈልቶ የወጣ ውሃ ግን ሥሩን ያስለቅቀዋል። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ፈትቶ ሌላውን እንደ ዱላ ይተወዋል፤ ከዚያ «ብሩሹ አይታዘዝም» ይላል። ጽፈው ሲጨርሱ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት፤ ጫፉን ቁልቁል አድርገው ይስቀሉት። ቀለሙ ውስጥ ሙጫ አለ፤ ውስጡ ከደረቀ ብሩሹ አለቀለት።

ቀለሙ ራሱ ጥቀርሻ ነው። የጥድ ወይም የዘይት ጥቀርሻ ከእንስሳ ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ ተደብድቦ፣ በቅርጽ ይደርቃል። ከዚያ ድንጋይ ላይ በትንሽ ውሃ ይፈጫል። የእኛም ብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን የሚሠሩት ከጥቀርሻ ነው፤ ይህን ሳውቅ ያልጠበቅሁት ደስታ ተሰምቶኛል። እርስዎ ግን ለአሁኑ የጠርሙሱን ይጠቀሙ። ቤጂንግ ውስጥ ከ1865 ጀምሮ ያለ «ዪደገ» የሚባል ቤት አለ፤ የጠርሙስ ቀለሙ የታወቀ ነው። እንዳለ ከጠርሙሱ ቢጠቀሙት ይወፍራል። ሳህን ላይ ትንሽ አፍስሰው ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩበት።

ለምን ይንጣለላል ላሉት፤ ወረቀቱን እንይ። ታዋቂው የቻይና ወረቀት ሹዋን ይባላል። አንሁዊ ግዛት ውስጥ ጂንግ በሚባል ወረዳ ነው የሚሠራው፤ ከአንድ ዛፍ ልጥና ከሩዝ ገለባ። አሠራሩ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ የብሩሽ ጽሕፈቱም በዚያው ዓመት። ሹዋን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቻይናዎች «ጥሬ» እና «የበሰለ» ይሏቸዋል። ጥሬው ውሃን እንደ ደረቅ መሬት ይጠጣል። የበሰለው ሙጫና ሻብ ተቀብቶ ስለሆነ አይጠጣም። የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ ጥጉ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ወዲያው ከሰረገ ጥሬ ነው፤ ቁጭ ካለ የበሰለ። የእርስዎ ጥሬው ይመስለኛል፤ እሱም ለጀማሪ ምሕረት የለውም። ትንሽ ከቆሙበት ይሰፋል።

ስለ ወረቀት ሳነሳ የራሴ ቁስል አለኝ። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሱቅ ገብቼ «ምርጥ ሹዋን» ተብሎ በውድ ተሸጠልኝ። 3 ወር ሙሉ እጄን ስወቅስ ኖርኩ። አንድ ቀን መምህሬ አንዷን ሉሕ በጣቱ ዳሰሰና ተራ የፋብሪካ ወረቀት መሆኑን ነገረኝ። በነጋታው ርካሽ የቀርከሃ ወረቀት ሰጠኝ። «ማኦቢያን» ይባላል፤ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ሻካራ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ጭረቴ ተለወጠ። እርስዎም ማኦቢያኑን ልጅዎ በሰው ያስልክልዎ። እስኪደርስ ድረስ ያለፈ ጋዜጣ ይጠቀሙ፤ ብዙ ቻይናውያንም በጋዜጣ ይለማመዳሉ። ጥሬውን ሹዋን ለኋላ ያስቀምጡት።

ውሃውን ደግሞ በጨርቅ ይቆጣጠሩ። ብሩሹን ቀለም ነክረው የሳህኑ ጠርዝ ላይ እያዞሩ ይጥረጉት፤ ጫፉ እንደ መርፌ ይሰብሰብ። ከዚያ የብሩሹን ሆድ ጨርቁን አንዴ ያስነኩት። ወረቀቱ ላይ ሲያነሡት ጠብታ ሊወርድ የሚደርስ ከሆነ ገና በዝቶበታል። ቪዲዮ ይህን አያሳይም። ባለሙያው ጨርቁን የሚነካው ሳያስበው ነው፤ ካሜራውም ወረቀቱን ነው የሚያየው። እርስዎ ለ5 ወር ሲመለከቱ የነበረው ውጤቱን ነው፤ ሥራው ጨርቁ ላይ አልቋል።

አሁን አንዲት ጭረት እንሥራ። «ሄንግ» ትባላለች፤ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ አግድም መስመር ናት። ለብቻዋ ስትቆም «አንድ» የሚለው ፊደል ናት፤ ለሂሳብ አስተማሪ ጥሩ መጀመሪያ ይመስለኛል።

ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግር መሬት ይርገጥ። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይቁም። አውራ ጣት ከአንድ ጎን፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ከፊት፣ የቀለበት ጣት ከኋላ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ ተደግፋ። መዳፍዎ ውስጥ እንቁላል ያለ ይምሰልዎ። ክርንዎ ከጠረጴዛው ይነሣ። መጀመሪያ ጫፉ በጣም ጥቂት ወደ ግራ ይግባ፤ መሄጃዎ ቀኝ ሆኖ ሳለ ወደ ግራ ነው የሚገባው፣ ጫፉን ለመደበቅ። ከዚያ ወደ ታች ቀኝ ይጫኑ፤ ጠጉሩ ሲተኛ ይሰማዎታል። ጥቂት ያንሱና ጫፉን ወደ መሀል ይመልሱት። አሁን ወደ ቀኝ ይሂዱ፤ በጣቶች ሳይሆን በክንድ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀለል ያድርጉ፣ መልሰው ይጫኑ፣ ጫፉን ወደ መጣበት ወደ ግራ አስገብተው ያንሱ። ሁሉም በአንድ ረጅም ትንፋሽ ያልቃል።

ሲሄዱ የብሩሹ ጫፍ የመስመሩ መሀል ላይ መሆን አለበት። «ዦንግፌንግ» ይሉታል፤ መሀል ጫፍ ማለት ነው። ትክክል መሆኑን ለማወቅ የደረቀውን መስመር ጠርዞች ይዩ። ሁለቱም እኩል ለስላሳ ከሆኑ ጫፉ መሀል ነበር። አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው እንደ መጋዝ የተቦጫጨቀ ከሆነ ጫፉ ወደ ለስላሳው ጠርዝ ሸሽቷል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መምህር አያገኙም።

የእኔ መምህር 3 ሳምንት ሙሉ ይህችን መስመር ብቻ ነው ያሠራኝ። ወረቀቴን እምብዛም አያይም ነበር፤ ክርኔን ነው የሚያየው። ክርኔ ጠረጴዛውን በነካ ቁጥር በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያነሣው ነበር፤ ምንም ሳይናገር። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ጋ እኔም ክርን ነው የማየው።

ከአግድሟ በኋላ ቁሟ ትመጣለች፤ ከዚያ «ዮንግ» የሚለው ፊደል። ትርጉሙ «ዘላለም» ነው። ስምንቱ መሠረታዊ ጭረቶች እሱ ውስጥ ስለሚገኙ የቻይና ተማሪ ሁሉ እሱን ያውቃል። ከዮንግ በኋላ አንድ አብነት፣ ማለት እያዩ የሚለማመዱበት ጽሑፍ ይምረጡ፤ አንድ ብቻ። የአጻጻፍ ስልቱ «ካይሹ»፣ ማለት መደበኛው ይሁን። ፈጣኑንና የተያያዘውን ስልት ለኋላ ይተዉት፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ግን ካይሹን የማያውቅ እጅ ሲሞክረው ዝም ብሎ መሞነጫጨር ነው። ለእርስዎ የምመርጠው የያን ዠንቺንግን የ43 ዓመቱን ጽሑፍ ነው። ጭረቱ ግልጽ ነው፣ ልክ አለው፤ ልክ የሚወድ ሰው ይወደዋል። የ70 ዓመቱን ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

አብነቱን ሲያገኙ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ሆኖ ያገኙታል። አይደናገሩ። እርጥብ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ በላዩ በቀለም የተነከረ እራፊ ቀስ እያለ ይመታል። የተቀረጸው ጎድጓዳ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ፊደል ስልክዎ ላይ አጉልተው ለ2 ደቂቃ ይመልከቱት። ብሩሽ ሳይነኩ። የት ሰፋ፣ የት ጠበበ፣ መሀሉ የቱ ጋ ነው? ከዚያ በስስ ወረቀት ላዩ ላይ ይከተሉት። ከዚያ ጎኑ አስቀምጠው እያዩ ይጻፉ። በመጨረሻ ሸፍነው በቃል ይጻፉት። የጻፉትን ከአብነቱ ጋር መስኮት ላይ ደርበው ብርሃን ያሳልፉበት። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቀን 2 ፊደል ይበቃል። 20 ፊደል በቀን የሚጽፍ ሰው ስህተቱን 20 ጊዜ እያጠና ነው።

ቻይንኛ መናገር አያስፈልግዎትም። የጭረት ቅደም ተከተል ግን የግድ ነው። ብሩሹ ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው አየር ላይ ሲሻገር እንቅስቃሴው አይቋረጥም፤ ቅደም ተከተሉን ካፋለሱ ፊደሉ ይሰነጣጠቃል። የሚጽፉትን ፊደል ትርጉምም ይወቁ። ትርጉሙን ሳያውቁ ሰው ቤት የሚሰቀል ነገር አይጻፉ፤ ለቋንቋው ያለን አክብሮት ነው። በዓመት 100 ፊደል ከነትርጉሙ ካወቁ ደኅና ተጉዘዋል።

ወደ ቀርከሃዎ እንመለስ። ሦስት ወር ከጻፉ በኋላ በሳምንት አንዴ ይሥሩት። ሸንኮራ የሆነበትን ምክንያት ዐይንዎ ያውቀዋል፤ እኔ ስም ልስጠው። ሸንኮራ አንጓው አጫጭር ነው፣ ሁሉም ይቀራረባል። ቅጠሉም ቀጥታ ከግንዱ አንጓ ይወጣል። ቀርከሃ ሌላ ነው። ከሥሩ አንጓው አጭር ነው፣ መሀል ላይ ይረዝማል፣ ወደ ጫፍ መልሶ ያጥራል። ቅጠሉ ከግንዱ አይወጣም፤ ከአንጓው ቀጭን ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰባስበው ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ መሀለኛውን አንጓ ካሰቡት እጥፍ ያርዝሙት። እያንዳንዱን አንጓ እንደ ሄንግ ይጻፉት፤ አሁን ግን ከታች ወደ ላይ፦ ገባ፣ ተጫን፣ ሂድ፣ ተጫን፣ ተነሣ። በአንጓና በአንጓ መሀል ክር የሚያህል ክፍተት ይተዉ። ግንዱ ሳይደርቅ ክፍተቱ ላይ በጠቆረ ቀለም አጭር ጭረት ያኑሩ። ዙሪያውን በመስመር ከበው ውስጡን መሙላት ይቅር። አንድ አንጓ አንድ ጭረት ነው፤ ከተበላሸ ተበላሽቶ ይቅር፣ አይነካካም።

ቅጠሉን ቀስ ብሎ መሥራት አይቻልም። ጫፉ ይነካል፣ ሆዱ ይጫናል፣ እየሮጠ ይነሣል። ጫፉ ሹል ሆኖ ካልወጣ ወይ ውሃው በዝቷል ወይ እጅዎ ሳይነሣ ቆሟል።

በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዠንግ ባንቺያኦ፣ በቀርከሃ ሥዕሉ የታወቀው፣ ብዙውን የተማረው መስኮት ላይ ከሚያርፍ የቀርከሃ ጥላ እንደሆነ ጽፏል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀርከሃ ያለበት ግቢ አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ጥላው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ቆመው ይዩ። ጥላ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ የትኛው ቅጠል ከየት እንደወጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቺ ባይሺም እንደዚሁ ነበር። ከ1864 እስከ 1957 የኖረ፣ በአናጢነት የጀመረ ሰው ነው፤ ሥዕልን በወጉ መማር የጀመረው በ27 ዓመቱ ነው። ሽሪምፕ ሲሥል ሳህን ውስጥ ሕያው ሽሪምፕ አስቀምጦ ያይ ነበር። ከ60 ዓመቱም በኋላ አሣሣሉን ይለዋውጥ ነበር፤ እግሮቹን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። የቀነሰው በደንብ ስላያቸው ነው።

መምህር ያስፈልገኛል ወይ ብለው ባይጠይቁም ልመልስ፤ ቢገኝ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት የሚባል የቻይንኛ ቋንቋና ባህል ማስተማሪያ አለ፤ ሄደው የብሩሽ ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው እንዳለ ይጠይቁ። በርቀት የሚማሩ ከሆነ ደግሞ ለመምህሩ የጨረሱትን ወረቀት ብቻ አይላኩ። ስልክዎን ከጎን አቁመው እጅዎ ሲጽፍ ይቅረጹት። ከወረቀቱ በሽታው ይታያል፤ መንስኤው ያለው ግን እጅ ላይ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ቅዳሜን ጠብቆ 4 ሰዓት መቀመጥ ግን አይጠቅምም። ጠረጴዛው ተዘርግቶ ይቆይ። ብርድ ልብሱን በየቀኑ ማጠፍና መዘርጋት ካለ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ይሰለቻል፤ በራሴ ደርሷል።

ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። አንድ ጋዜጣ ይዘርጉ፣ ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ እስከ ሥሩ ይፍቱ፣ ጨርቁን ያዘጋጁ፣ 20 ሄንግ ይጻፉ። ከኋላው ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። 40 ቀን ሳያቋርጡ 20፣ 20 ይጻፉ፤ ከ15ኛው ቀን በኋላ ቁሟን፣ ከ25ኛው በኋላ ዮንግን ይጨምሩ። በ40ኛው ቀን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ፎቶ ይላኩልኝ። የቀርከሃውን ፎቶ አሁን አይላኩ። የሄንጎቹን ጠርዝ ነው ማየት የምፈልገው፤ ስለዚህ ቀረብ ብለው፣ ብርሃን ከጎን እየመጣ ያንሱት።